እንደ ንግሥት ሳይሆን እንደ አጫጅ ልበሺ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ሴፕቴምበር ላይ ክራውንስቪል የሚደረገው የሬኔሳንስ ፌስቲቫል እንሂድ ብለውኛል። የድሮ የእንግሊዝ ንጉሥ ዘመን የሚታይበት ድግስ ነው፣ ሁሉም የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰው ነው የሚሄዱት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ለብሼ አላውቅም። መስፋት አልችልም፣ ብዙ ገንዘብ ማውጣትም አልፈልግም፣ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ያደክመኛል። ኢንተርኔት ላይ ያለው ኮርሴት፣ ወገብና ደረት አጥብቆ የሚያስረው ልብስ፣ ገና ሳየው ትንፋሽ ያሳጥረኛል። ባለቤቴና የስምንት ዓመት ልጄም አብረውኝ ይመጣሉ። ምን ብንለብስ ይሻላል? የሐበሻ ቀሚስ ብለብስስ? እውነቱን ለመናገር፣ ጥቁር ሰው በእንግሊዝ ንጉሥ ዘመን ልብስ ምን ሊመስል ነው የሚለውም ትንሽ አስጨንቆኛል።»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ኮርሴቱን ከሐሳብሽ አውጪው። አያስፈልግሽም። ሥራዬ ለቲያትርና ለእንዲህ ዓይነት ፌስቲቫሎች ልብስ መስፋት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሲመጣብኝ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር አለ፦ እንደ ንግሥት ሳይሆን እንደ አጫጅ ልበሺ።

አጫጅ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ «አጫጆቹ» የሚባል ሥዕል አለ። ፒተር ብሩጌል በ1565 የሣለው ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ጊዜው የአዝመራ ነው፣ ሙቀቱ ከሥዕሉ ውስጥ ይወጣል። ግማሾቹ ያጭዳሉ። ግማሾቹ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ይበላሉ። አንዱ ሰውዬ እግሩን አንፈራጦ እንቅልፉን ይለጥጣል። ወንዶቹ በሸሚዝ ናቸው። ሴቶቹ ራሳቸውን በነጭ ጨርቅ አስረዋል። ልብሱ ያስጨነቀው ሰው አታይም። እነዚህ ሰዎች በዚያ ልብስ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ይሉ ነበር። አንቺ የምታደርጊው ከዚያ በጣም ያንሳል። ትዞሪያለሽ፣ ትበያለሽ፣ ፈረሰኞች በጦር ሲጋጠሙ ታያለሽ።

ንግሥቲቱ ግን ሌላ ናት። የሚያለብሷት፣ የሚያወልቁላት፣ የቀሚሷን ጫፍ የሚይዙላት ሰዎች ነበሯት። አንቺ ፕላስቲክ ሽንት ቤት ውስጥ ብቻሽን ነሽ። ልብስ ስትመርጪ ይህን ትዕይንት አስቢው፣ ብዙ ነገር ይወስንልሻል።

ስለ ፌስቲቫሉም ትንሽ ልበል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በ1963 ካሊፎርኒያ ነው፣ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ገንዘብ ለማሰባሰብ። የሜሪላንዱ በ1977 ጀመረ፣ ክራውንስቪል የገባው በ1985 ነው። የሚያሳየው የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛውን ዘመን ነው፤ ሄንሪ ከ1509 እስከ 1547 ነው የገዛው። ግን ሙዚየም አይደለም፣ ድግስ ነው። በር ላይ ቆሞ «ይሄ ክር የዘመኑ አይደለም» የሚልሽ የለም። በጂንስና በቲሸርት የሚመጣው ብዙ ነው። ክንፍ የተከለም፣ ቀንድ ያበቀለም፣ የባሕር ወንበዴ የመሰለም ታያለሽ። ስለዚህ «ብሳሳትስ» የሚለውን ተዪው። ልንጨነቅ የሚገባን ለሙቀቱ፣ ለእግርሽና ለወገብሽ ነው።

ገንዘብ የምታወጪ ከሆነ ከሥር በሚለበሰው ላይ አውጪው። ሰው ሁሉ በተቃራኒው ነው የሚያደርገው። ለላዩ ጌጥ መቶ ዶላር ይከፍልና ከሥር ያገኘውን ይለብሳል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሀብታምም ድሃም ከገላው ቀጥሎ የሚለብሰው ሰፊ የሊነን ልብስ ነበር። ለሴት ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ እጅጌ ያለው የውስጥ ቀሚስ ነው። ለወንድ ረጅም ሸሚዝ። ከላይ የሚደረበው ሱፍ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። የሚታጠበው፣ የሚቀየረው፣ ላብ የሚጠጣው ይሄ የውስጡ ነው። ጥሩ የውስጥ ቀሚስ ካለሽ ከላይ የፈለግሽውን ብትደርቢ ቀኑን ትወጪዋለሽ።

ሊነን የሚሠራው ከተልባ ነው። እኛ አገር ተልባ ሲባል ፍሬው ነው ትዝ የሚለን። እነሱ ግንዱን ዘፍዝፈው፣ ቀጥቅጠው፣ ክሩን አውጥተው ይፈትሉታል። ይህ ክር እርጥበት ይወዳል። በተለመደ የክፍል አየር ሊነን ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል። ጥጥ 8 በመቶ ገደማ ይይዛል። ሱፍ ከሁለቱም ይበልጣል፣ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞላም። ልዩነቱን የምታውቂው ቁጥሩን ስታነቢ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሊነኑ ላቡን ከገላሽ ይወስድና ለአየር ይሰጠዋል። ፖሊስተሩ እዚያው ያስቀረዋል።

ለዚህ ነው ለሃሎዊን በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠውን «የመካከለኛው ዘመን ልዕልት» እንዳትገዢ የምለምንሽ። ዋጋው ያጓጓል። ፎቶው ላይ ያምራል። ለብሰሽው ፀሐይ ላይ ስትቆሚ ግን የሻወር መጋረጃ ተጠቅልለሽ እንደመዋል ነው። ሌላም ነገር አለ። ፌስቲቫል ላይ አንጥረኛ አይጠፋም፣ እሳትና ፍንጣሪ አለ። ሱፍ እሳት ቶሎ አይዘውም። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ይዘሽ ስለምትሄጂ ይህን አስቢበት።

«በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ?» ትይኛለሽ። አዎ፣ ሰፊ እስከሆነ ድረስ። የሜሪላንድ ችግር ፀሐይዋ ብቻ አይደለችም፣ ወበቁ ነው። ላብ በወበቅ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ በገላሽና በጨርቁ መካከል አየር መዘዋወር አለበት። እጅጌ የሌለው ጠባብ ልብስ ከሰፊ ባለ እጅጌ ይበልጥ ያሞቃል። እጅጌውን እስከ ክርን መጠቅለልም ነውር የለውም። ሥራ ላይ ያለች ሴት ጠቅልላው ነው የምትውለው።

የት ታገኚዋለሽ? ልባሽ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች፣ ጉድዊልና የመሳሰሉት ውስጥ ግቢ። ከሴቶቹ ሳይሆን ከወንዶቹ መደርደሪያ ጀምሪ። በቁጥር ሁለት ከፍ ያለ ነጭ ወይም ክሬም የሊነን ሸሚዝ ፈልጊ። ኮሌታውን ቆርጠሽ ብታወጪው ይበልጥ ይመስላል። ረጅም የጥጥ የሌሊት ልብስም ጥሩ ይሆናል፣ አንገቱ ሰፋ ካለ። ውስጡ ያለውን ምልክት አንብቢ። ፊት ለፊት «ሊነን» ተብሎ ውስጡ ግማሹ ፖሊስተር የሆነ ብዙ ነው። ምልክቱ ከሌለ ጨርቁን በእጅሽ ጨብጠሽ ልቀቂው። ንጹሕ ሊነን ወዲያው ይጨማደዳል። መጨማደዱ አያስጨንቅሽ፣ ያምርበታል። የሚሰፋልሽ ሰው ካገኘሽ ደግሞ በካሬ ሜትር ከ120 እስከ 150 ግራም የሚመዝን ሊነን በቂ ነው። ለላይኛው ልብስ ከ180 ግራም በላይ የሆነውን ጠይቂ።

ሊነን ካጣሽ ጥጥ ልበሺ። ጥጥና ሊነን የተቀላቀለበት ጨርቅ ያኔም በሰፊው ይለበስ ነበር። ስለዚህ ጥጥ መልበስ ኃጢአት አይደለም።

አሁን ወደ ፈራሽው። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ኮርሴት ፊቱ ላይ የብረት መቆለፊያ፣ ጀርባው ላይ በብረት ቀለበት የተከበበ የክር ቀዳዳ አለው። ሁለቱም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሮች ናቸው። ከሄንሪ ዘመን ጋር በ300 ዓመት ይራራቃሉ። በእሱ ዘመን ሴቶች ደረታቸውን የሚይዙት በደንብ በተቆረጠ፣ ገበሩ ጠንካራ በሆነ፣ በክር በሚታሰር የቀሚስ ደረት ነበር። በዓሣ ነባሪ አጥንት የደደረው የመጣው በኋላ ነው፣ ክፍለ ዘመኑ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ። ኮርሴቱን በመተውሽ የቀረብሽ የለም። እንዲያውም ታሪኩን ይበልጥ ጠበቅሽ ማለት ነው።

የሚያስፈልግሽ ሰደርያ የመሰለ ነገር ነው። እጅጌ የለውም፣ ወገብ ላይ ያበቃል፣ ፊት ለፊት በክር ይታሰራል። ጨርቁ ጠንከር ያለ ጥጥ ወይም ሊነን ይሁን። ከፊት መታሰሩን አደራ። ከኋላ የሚታሰረው ያምራል፣ ግን ባልሽ አጠገብሽ ከሌለ አትፈቺውም። ወገብ ላይ ማብቃቱም ምክንያት አለው። ከወገብ ከወረደ ስትቀመጪ ጠርዙ ሆድሽን ይወጋል፣ ደረቱ ወደ አገጭሽ ይወጣል።

ስትለኪ የውስጥ ቀሚሱንና ጡት መያዣሽን ለብሰሽ ተለኪ። አዎ፣ ጡት መያዣሽን አታውልቂ። የለመድሽው ስለሆነ ይመችሻል፣ ማንም አያየውም። ልኩን ስትመርጪ ደግሞ ክሩ ሲታሰር ሁለቱ ጠርዞች እንዳይነካኩ አድርጊ። በመካከላቸው ሦስት፣ አራት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቅር። ጨርቅ በገላ ሙቀትና በላብ ቀስ እያለ ይለጠጣል። ጠዋት ጠርዞቹ ከተገናኙ ከሰዓት በኋላ ማጥበቅ አትችይም፣ ልብሱ ይንጠለጠልብሻል። ምሳ ስትበዪ ደግሞ ማላላት ትፈልጊያለሽ። ያ ክፍተት ለሁለቱም ነው።

ክሩን እንደ ጫማ በመስቀል አትሰሪው። አንዱን ጫፍ ከታች ቋጥሪና በአንዱ ብቻ እየዞርሽ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያልሽ ወደ ላይ ውጪ። የዘመኑ አስተሳሰር ይህ ነው። በአንድ እጅ ስትስቢው ይጠብቃል፣ በአንድ እጅ ይላላል። ሲሸጥ አብሮት የሚመጣውን የሚያንሸራትት ሪባን ጣዪው፣ ራሱን በራሱ ይፈታል። ረጅም ጠፍጣፋ የጥጥ የጫማ ክር ከሱ ይሻላል። አስረሽ ስትጨርሺ መዳፍሽ በጠርዙ በኩል ሳይጨናነቅ ይግባ። በረጅሙ ተንፍሺ። ጎንበስ ብለሽ ጫማሽን እሰሪ። እነዚህን ካደረግሽ ጨርሰሻል። የትኛውም ሰዓት ላይ ራስሽን ቢያዞርሽ ግን ክሩን አላልተሽ ጥላ ሥር ተቀመጪ፣ ውሃ ጠጪ።

ቀሚሱ ጉርድ ይሁን፣ ሰፊ ይሁን፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቁም። መሬት የሚጠርግ ቀሚስ የፌስቲቫሉን አቧራና ጭቃ ቤትሽ ድረስ ያመጣል። መንገዱ አፈር ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ከኋላ የሚረግጥብሽ አይጠፋም። ለሴፕቴምበር አንድ ጉርድ በቂ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ጫፉን አንስተሽ መቀነትሽ ውስጥ ሸጎጥ አድርጊው። ሥራ ላይ ያሉ ሴቶች እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።

ቀለሙን በተመለከተ፣ «ድሃ ሁሉ ቡኒ ይለብስ ነበር» የሚለውን አትመኚ። የብሩጌልን ሥዕሎች እያቸው፣ ቀይና ሰማያዊ ሞልቷል። ከዕፅዋት የሚወጣ ቀለም ነበራቸው፤ ቀዩን ከአንድ ተክል ሥር፣ ሰማያዊውን ከቅጠል፣ ቢጫውን ከሌላ ተክል ያወጡ ነበር። የጡብ ቀይ፣ የደበዘዘ ሰማያዊ፣ የሰናፍጭ ቢጫ ካገኘሽ ያዢ። የሚያበራ ሮዝና የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ብቻ ይቅርብሽ። ሐምራዊ ሐርም ሕጉ ይከለክልሻል። የምሬን ነው፣ በ1533 የወጣ ሕግ ሐምራዊ ሐር ከንጉሡና ከቤተሰቡ በቀር ማንም እንዳይለብስ ይል ነበር። ዛሬ የሚያስርሽ ባይኖርም በዚያ ሙቀት ሐሩም ይቅርብሽ።

ከጉርዱ ላይ ሽርጥ እሰሪ። ከሁሉም ርካሹ ነገር እሱ ነው፣ የሚለውጠው ግን ብዙ ነው። የዘመናዊ ጉርድሽን ዚፕ ይሸፍናል። የቅባት እጅሽንም ትጠርጊበታለሽ። ፌስቲቫሉ ላይ ሰው ሁሉ የተጠበሰ የተርኪ እግር በእጁ ይዞ ሲግጥ ታያለሽ፣ ናፕኪን ደግሞ አይበቃም።

አንድ የማይወራ ነገር ልንገርሽ። በሰፊ ቀሚስ ብዙ ስትሄጂ ጭን ለጭን ይፋተግና ይላላጣል። ከሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀጭን የጥጥ ታይት ልበሺ። ታሪካዊ አይደለም። ግድ የለም።

ለራስሽ ሻሽ አለሽ አይደል? ነጭ የጥጥ ሻሽሽን እንደለመድሽው ወደ ኋላ እሰሪው። ከዚያ ላይ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ድፊበት። በዚያ ዘመን ያገባች ሴት ራሷን ሳትሸፍን ደጅ አትወጣም ነበር። እኛ አገር ያደገ ሰው ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ፀጉርሽ ሹሩባ ከሆነም ከሻሹ ሥር ያምራል።

ጫማ አዲስ አትግዢ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ለዚያ ቀን ብለሽ አዲስ ጫማ አትግዢ። እግርሽ ውሃ ከቋጠረ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። የለመድሽው ቡኒ ወይም ጥቁር ቆዳ ጫማ፣ ተረከዝ የሌለው፣ ካለሽ እሱን አድርጊ። ከሌለሽ ጥቁር ስኒከርሽን አድርጊና ቀሚሱ ይሸፍነው። የሄንሪ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ በ1545 ሰጥማ በ1982 ከባሕር ስትወጣ፣ ከውስጧ ብዙ የመርከበኞች ጫማ ተገኝቷል። ዛሬ እንግሊዝ አገር ፖርትስመዝ ውስጥ ይታያሉ። ጠፍጣፋ የቆዳ ጫማዎች ናቸው። ተረከዝ የመጣው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ያንቺ ጠፍጣፋ ጫማ ከባለ ተረከዙ ቡትስ ይልቅ ለዘመኑ ይቀርባል።

ስልክሽንና ካርድሽን ወገብሽ ላይ በምታስሪው ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ያዢ። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል የፕላስቲክ ቦርሳ ሁሉንም ያበላሸዋል፣ ያልባልም።

ባለቤትሽ ቀላል ነው። ሰፊ ነጭ ሸሚዝ፣ ከላይ ዚፕና ኪስ የሌለው ሰደርያ፣ ከወገቡ ሰፊ ቀበቶ። ሱሪው ጂንስ አይሁን እንጂ ሰፋ ያለ ቡኒ ወይም ግራጫ የጥጥ ሱሪ ይበቃዋል። ረጅም ካልሲ ካለው ሱሪውን ከጉልበቱ በታች አስገብቶ በክር ይሰረው። ሰይፍ ልግዛ ካለሽ አስቀድማችሁ የፌስቲቫሉን ደንብ አንብቡ። ብዙ ቦታ ሰይፍ ከሰገባው እንዳይወጣ ታስሮ ነው የሚገባው።

ልጁን ደግሞ አታስጨንቂው። የአዋቂ ቲሸርት የሚያህል ሰፊ የጥጥ ሸሚዝ በቀበቶ እሰሪለት፣ የራሱን ሱሪና ጫማ ያድርግ። ቅያሪ መኪና ውስጥ አስቀምጪ። ከእንጨት ሰይፍና ከጭቃ ውጪ ምንም አያሳስበውም።

ስለ ጥቁርነታችን ያነሳሽውን ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ለንደን ውስጥ ተቀምጦ የሚገኝ ርዝመቱ 18 ሜትር የሚጠጋ የሥዕል ጥቅል አለ። ሄንሪ ወንድ ልጅ ተወለደልኝ ብሎ በ1511 ያደረገውን የፈረስ ግጥሚያ ያሳያል። ከመለከት ነፊዎቹ መሃል አንድ ጥቁር ሰው በፈረስ ላይ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ተሥሏል። ስሙ ጆን ብላንክ ነው። ራሱ ላይ ጥምጥም አለ፣ ሌሎቹ ባዶ ራሳቸውን ናቸው። ይህ ሰው የቤተ መንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። ደመወዜ ይስተካከል ብሎ ለንጉሡ አመልክቶ በቀን 8 ፔኒ የነበረውን 16 አስደርጓል። በ1512 ሲያገባ ንጉሡ የሠርግ ልብስ ሰጥቶታል፣ ሐምራዊ ካባ ከነቆቡ። ያቺ ሜሪ ሮዝ ስትሰጥም ደግሞ ዕቃዋን ከባሕር ለማውጣት ከተሰማሩት ጠላቂዎች መሃል የምዕራብ አፍሪካ ሰው የነበረ ዣክ ፍራንሲስ የሚባል ሰው ነበር። እሱም በ1548 ለንደን ፍርድ ቤት ቀርቦ መስክሯል። በዚያ ዘመን ልብስ ውስጥ ጥቁር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ጠይቀሽኝ ነው እንጂ ለማንም የማስረዳት ዕዳ የለብሽም።

ኢትዮጵያዊም ነበር። ሮም፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙት እዚያው ከተማ ነው፣ በ1548 እና 1549። ይህ ሄንሪ የሞተ ሰሞን ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ነጭ ሸማውን አጣፍቶ «እኔ በ1540ዎቹ ሮም የደረስኩ ሐበሻ መንገደኛ ነኝ» ቢል ማንም ሊከራከረው አይችልም። የካህን ልብስና የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ግን ለጨዋታ አይሁን፣ እሱ ይቅር።

የሐበሻ ቀሚስሽን በተመለከተ ግልጹን ልንገርሽ። የሚያብለጨልጭ ጥልፍ ያለውን የበዓል ቀሚስ ቤት ተዪው። ከዘመኑ ጋር አይሄድም የሚለው ትንሹ ምክንያት ነው። ትልቁ ምክንያት ጭቃው፣ የቢራው መረጨትና የተርኪው ቅባት ነው። ለልብሱ አዝኜ ነው። ጥልፉ ቀለል ያለ፣ ሜዳው በእጅ የተሸመነ የቆየ ቀሚስ ካለሽ ግን እሱ ራሱ ግሩም የውስጥ ቀሚስ ይሆናል። ጥጥ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ላብ ይጠጣል። ከላዩ ሰደርያውን፣ ጉርዱንና ሽርጡን ትደርቢያለሽ። አንድ ዶላር ሳታወጪ ከሁሉ የከበደውን ገዝተሽ ጨረስሽ ማለት ነው። ነጠላ ግን ትከሻ ላይ አይቆምልሽም፣ ስትንቀሳቀሺ ትጎትቺዋለሽ።

ኦክቶበር ላይ የምትሄጂ ቢሆን ሌላ ምክር ነበረኝ፣ ጠዋቱ ይበርዳል። ያኔ ሜዳ ጋቢ እንደ ካባ ትከሻ ላይ ጥለሽ በትልቅ መርፌ ቁልፍ ብትይዢው ከሚሸጠው ፖሊስተር ካባ ይበልጣል። ባልደረቦችሽ ይቀኑብሻል።

ከመሄድሽ በፊት ባለው ቅዳሜ ሁሉንም ለብሰሽ ቤት ውስጥ ዋዪ። ቡና አፍዪበት። ደረጃ ውጪ፣ መኪና ውስጥ ተቀመጪ፣ እጅሽን ከራስሽ በላይ አንሺ፣ ሽንት ቤት ግቢ። የሚወጋሽ፣ የሚንሸራተትብሽ፣ የሚያሳክክሽ ነገር ካለ በዚያ ቀን ይታወቃል። መስፋት ባትችይም መርፌ ቁልፍ ብዙውን ያስተካክላል። ከመርፌ ቁልፉ ጥቂቱን በዕለቱም ያዢ፣ ከማሰሪያ ክር መለዋወጫና ለእግር ከሚሆን ፕላስተር ጋር። በዚያ ዘመን የሴት ልብስ ብዙው ሳይሰፋ በስፒል ነበር የሚያያዘው፣ ስለዚህ አትፈሪ።

ትኬቱን አስቀድማችሁ ግዙ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቡ፣ የቀትሩን ሙቀት ጥላ ያለበት መድረክ ላይ ትርኢት እያያችሁ አሳልፉት። ዝናብ ከጣለ ቀሚስሽን ሸጉጠሽ ቀጥይ፣ ሊነን ቶሎ ይደርቃል። ቤት ስትገቢ ጭቃውን እርጥብ ሳለ አትሺው። ይድረቅና በብሩሽ አራግፊው፣ ከዚያ የውስጥ ቀሚሱን ብቻ በማሽን እጠቢ። ቀዩ ጉርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጠብ ለብቻው ይሁን።